ክንድ የሚያህል ፊደል

ENDOPLASMIC RETICULUM ብዬ ቦርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ያህላል። ሁለቱ ቃላት ብቻ ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ከኋላ እነእዝራ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ይሳቁ። የጻፍኩት ለእነሱ አይደለም፤ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠችው ለአርያም ነው። ልጄ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ተስማምተናል፤ ከትምህርት ቤቱ በር ወዲህ አባት የለም፣ ቲቸር ነው ያለው። ይኸው አሥራ አንደኛ ክፍል ደረሰች፣ አንድ ቀን እንኳ አንቱታዋን አልረሳችም።

"ይህ የሴሉ ፋብሪካ ነው" እላለሁ። "ብዙ ፕሮቲን እዚህ ገብቶ ይታጠፋል፣ ቅርጹን ይይዛል። ቅርጹ የተበላሸ አያልፍም።" ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ስለሆነ አፌ ብቻውን ይሄዳል። ከውጭ የታክሲ ረዳቶቹ "ሰሚት! ሰሚት!" ይላሉ።

አርያም እጇን ታወጣለች። "ቲቸር፣ ቢያስረዱን፤ የተበላሸው ሲበዛስ ሴሉ ምን ይሆናል?"

ትናንት ቦሌ ያለው ሐኪም ይህንኑ ነው የነገረኝ። በልጅነቷ የጀመራት ስኳርና አሁን የሚደክመው ዓይኗ አንድ በሽታ ነው፤ ከእኛ ከወላጆቿ የወረሰችው የጂን ስህተት። ፋብሪካው ይጨናነቃል፣ ሴሉም ራሱን ይገድላል። የዓይኗ ነርቭ እየሞተ ነው። መድኃኒቱን ስጠይቀው እሱ ሥራዬን ጠየቀኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ስለው "እንግዲያው አቶ ይሕደጎ፣ ይገባዎታል" አለኝ። ገባኝ። ምነው ባልገባኝ! ለእሷ ግን መነጽርሽ ይቀየራል አልኳት።

"ቲቸር?"

"እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" እላለሁ። እንዲህ የሚል አስተማሪ ስጠላ ነው የኖርኩት። "በሉ፣ ርዕሱን ገልብጡ።"

ሁሉም ይጽፋል፣ የአርያም እስክሪብቶ ግን አይንቀሳቀስም። አጠገቧ ያለችው ዮሃና ደብተሯን ቀስ አድርጋ ታስጠጋላታለች። አርያም አላየችውም፤ ዓይኗን አጥብባ ቦርዱን ትፈልጋለች።

ጎንበስ እላለሁ። "አትጽፊም እንዴ?"

ሌላ ሰው እንዳይሰማት ወደ ጆሮዬ ትጠጋለች።

"አባዬ" ትለኛለች፣ "ዛሬ ለምን አሳንሰህ ጻፍከው?"