ከማንኪያ የተሠራው ማጥመጃ

ባሏ በሞተ በሳምንቱ፣ ታላቅ ወንድሙ አንማው የጀልባውን መቅዘፊያ ከእጇ ቀማት።

“እንባሽን ማን አየ? ፀጉርሽን እንኳ አልተላጨሽለትም። ጀልባው የወንድሜ ነው፤ ደግሞ አንቺ ዓሣ ማጥመድ የት ታውቂና!”

ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ቤቷ ገብታ የማንኪያ እጀታ ቆረጠች፤ ጎድጓዳውን በሽቦ ከመንጠቆ ጋር አያይዛ፣ ከሙዳይ ያወጣችውን ጥቁር ፀጉር መንጠቆው ላይ በክር ጠመጠመች።

በማግስቱ ጣና ዳር ቆማ ወረወረችው። ክሩን ስትስብ ማንኪያው እየተሽከረከረ አብለጨለጨ፤ ትልቅ አምባዛ ዋጠው።

ከጀልባው አጠገብ ሆኖ ሲያያት የነበረው አንማው ቀርቦ ማጥመጃውን ከዓሣው አፍ አውጥቶ አገላበጠው። “ጉድ እኮ ነው! የየትኛዋ ፍየል ጅራት ነው?”

ሻሿን ፈታች። ራሷ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል።

“መቅዘፊያዬን” አለች፣ እጇን ዘርግታ።