ስታር ስድስት

ግዛው ስታር ስድስትን ተጫነና ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አኖረው። በቃ፣ ድምፁ ተዘጋ። አሁን ቢያስል ቢያስነጥስ ሰሚ የለውም።

መኪናው የቆመችው ቬጋስ ዳውንታውን፣ ወለል የሚወለውልበት ካዚኖ የሠራተኞች ፓርኪንግ ጣሪያ ላይ ነው። የዐስርን ሶላት እዚያው አስፋልቱ ላይ ሰግዶ ገባ፤ ሺፍቱ እስኪጀምር ጥቂት ጊዜ አለው። ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ የወሎ ልጆች የረመዳንን ዱዓ የሚያደርጉት በስልክ ነው። ከየስቴቱ አንድ ቁጥር ላይ ይደውላሉ፤ ዋሽንግተን ያሉት ሼህ ይማም ይለምናሉ፣ ሌላው በየቤቱ አሚን ይላል።

ግዛውን ዱዓ አድርግልን ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ኪታብ አልቀራማ! በኢድ ቀን የሱ ድርሻ መኪና ማስቆም ነው። ከሌላ አገር የመጣው ሰውማ ስሙን ሲሰማ፣ «ማሻአላህ፣ መቼ ሰለምክ?» ይለዋል። ወሎ ውስጥ ግዛው የሚባል ሼህ እንዳለ የት ያውቅና።

የስልኩን መስመር የሚመራው ደግሞ ዘውዴ ነው፤ እዚሁ ቬጋስ፣ ሄንደርሰን ተራራው ላይ ቤት የገዛው ዘውዴ። ግዛው «ትብለጥ እህቷን ልታስታምም ሚኒሶታ ሄደች» ብሎ ለሰው ሁሉ ሲናገር፣ «ሚስትህን ለሚኒሶታ አከራየሃት እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ያሳቀበት እሱ ነው። ከትብለጥ ሌላ እውነቱን የሚያውቁት ግዛውና አላህ ብቻ ናቸው። ይህች ነገር ከወጣች በቬጋስ አበሻ መሀል አንገት ቀና አድርጎ መሄድ የለም።

«በሉ ጀማዓ» አሉ ሼህ ይማም፣ «አሁን ሁላችሁም ለየራሳችሁ ሐጃ ለምኑ። የሆድን የሚያውቀው እሱ ነው።»

መስመሩ ጸጥ አለ። ግዛው መስኮቱን ዘግቶ እጁን ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ እኔ ግዛው ነኝ። ዐረብኛው አይመጣልኝም፣ በአማርኛ ስማኝ። ትብለጥ ሚኒሶታ አይደለችም። እህትም የላት። ፍታኝ አለችኝ፣ ፈታኋት፤ የኢዳ ወሯን ቆጥራ ጨርሳ ዴንቨር አገባች። አስራ አራት ወር ሙሉ ሰውን ዋሸሁ። አንተን ግን ምን ብዬ እዋሽሃለሁ?»

ሊረግማት ነበር ያሰበው። እርግማኑን ከጠዋት ጀምሮ ሲያሳምረው ነው የዋለው፤ ለዴንቨሩ ሰውዬም ለብቻው አዘጋጅቶለታል። ስሟን ሲጠራ ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ጠላኋት ብዬ ፎክሬያለሁ። ውሸት ነው። አሁንም ቤቴ ስገባ መኪናዬን ፓርክ የማደርገው መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ያለው የሷ ቦታ ነው ብዬ። ወይ ከልቤ አውጣልኝ፣ ወይ አፉ አስብለኝ፣ ይቅር ልበላት። ደከመኝ፣ ያ ረቢ። ደከመኝ።»

እንባው አገጩ ላይ ወዳወረደው ማስክ ወረደ።

«አሚን» አለ የመኪናው ስፒከር።

ግዛው ዘሎ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። «ማነው?»

«ጸዳለ ነኝ ልጄ፣ ከአትላንታ።»

«እማማ ጸዳለ! ይሰማል እንዴ?»

«‹እኔ ግዛው ነኝ› ካልክበት ጀምሮ።»

ለካ መስመሩ ላይ ዘግይቶ ሲገባ መመሪያው አምልጦታል። ዘውዴ የሰዉን ሁሉ ድምፅ አስቀድሞ ዘግቶታል፤ ስታር ስድስት የተዘጋውን መክፈቻ ነው። መቶ የሚያህል ሰው ጆሮውን አቁሞ ሰምቶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ እሱ ግን ያለው ጣሪያ ላይ ነው። ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«ግዛው» አለ ዘውዴ በመስመሩ ላይ።

መጣ፣ አለ ግዛው በሆዱ። ዛሬ ደግሞ ለቀልዱ ዴንቨርን አገኘልኝ።

«ያ… አከራየሃት ያልኩህ ነገር… አላወቅሁም ነበር ወንድሜ። አፉ በለኝ።»

ለዚህ ሰው ያጠራቀመው ስድብ ብዛቱ! በረመዳን አፉ በለኝ ያለን ሰው ግን ምን ይሉታል?

«አፉ ብያለሁ» አለ። አፉ ከልቡ ቀደመ፤ ልቡም ግን ብዙ አልራቀም፣ እየተጎተተ ደረሰ።

ከዚያ ስልኩ ጢው፣ ጢው ይል ጀመር። ሰው አንድ በአንድ ድምፁን ከፈተ። «አሚን» ከዳላስ። «አሚን» ከሲያትል፣ ሕፃን እያለቀሰ። «አብሽር ወንድሜ፣ የኔም ከሄደች ሳምንት አልሞላትም» አለ አንድ ጎልማሳ፣ ከየት እንደሆነ ሳይናገር።

«ቀጥል እንጂ ልጄ» አሉ እማማ ጸዳለ፤ «እጃችንን እኮ አልመለስንም።»

ግዛው ለራሱ የሚለምነው አለቀበት። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«እንግዲህ… ትብለጥንም… ቤቷን ሰላም አድርግላት።»

«አሚን!» አለ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ፤ አሮጌው ስፒከር ተንዘረዘረ። ከትከሻው ላይ የሆነ ነገር የወረደ መሰለውና ወንበሩ ላይ ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ወዲያው ዋሽንግተን ውስጥ ከአንዱ ቤት የመግሪብ አዛን ተሰማ። «አፍጥሩ ጀማዓ፤ ምዕራብ ያላችሁ ታገሡ» አሉ ሼህ ይማም። ቢስሚላህ የሚል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ወንበር የሚጎትት ሆነ። አንዱ ስልኩ ሥር ሳምቡሳ ሲገምጥ ቀጭ ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ።

የግዛው አፍ ምራቅ ሞላ። ትብለጥ ከሄደች ወዲህ መጾሙንም ማፍጠሩንም ለይቶት አያውቅም፤ የሚጎርሰው ሁሉ አሸዋ ነበር። ሆዱን በመዳፉ ያዘ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ለቬጋስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል።

ራበው። ደህና አድርጎ ራበው።