በጠመንጃው ላይ የተቀረጸው

አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ ይዘውት የመጡትን የጃፓን ጠመንጃ ጭኔ ላይ አጋደሙት።

«ያለ መምህር የተማርሽው ጃፓንኛ ይሄን ያነባል?»

«መምህር ያላቸው የማያነቡትን ያነባል፣ አባባ።»

ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። «ከጃፓኖች የተረፈውን ይሄን አንድ የሰሜን ኮሪያ ወታደር ደገነብኝ፤ ቀደምኩት። ባልቀድመው ይገድለኝ ነበር። የተቀረጸው ስሙ ሳይሆን አይቀርም። ሰባ ዓመት በሕልሜ እየመጣ ይቆማል፤ እሱን የምጠራበት ስም ግን የለኝም። ሳልሞት በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው።»

ዝገቱን በአውራ ጣቴ ጠርጌ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።

«ስም ነው?»

«ስም ነው። ሚን ሆ ይላል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሚን ሆ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አንተም እኮ ልትገድለኝ ነበር።»

ጽሑፉ የሚለው «የተማሪዎች መለማመጃ፤ እውነተኛ ጥይት አይተኮስበትም» ነበር።