ድንበር ገፊው

«ታፈረ በየክረምቱ ድንበር ይገፋል» ይላሉ እትዬ ብርቄ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ። ከታፈረ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ቤት የምታሠራው ሴት አመነቻቸው። ለምን አታምን? የሰውየው አጥርና የድንበሩ ድንጋይ ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ወደ እሷ ተጠግተዋል።

ሰውየው ደግሞ ሳያፍር መጣ። «እህቴ፣ የክረምቱ ውሃ መሠረትሽ ሥር እንዳይገባ ድንበሩ ላይ ቦይ እንቆፍር።»

«ዛሬ ቦይ፣ ነገ ግቢ! ጋሼ፣ ሌላ ሞኝ ይፈልጉ!»

ይህም አልበቃት፤ ዕድርተኛው በተሰበሰበበት «ድንበር ገፊ» ብላ አዋረደችው። ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ልጁ ጋ ገባ፤ ቦዩም ሳይቆፈር ቀረ። እሷ እልል ብላ ቤቷን ጨረሰች።

በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የጠራችው መሐንዲስ ስንጥቁን አየና ሽቅብ ወጥቶ የድንበሩን ድንጋይ ዙሪያውን አስቆፈረ።

«የሌባ ሥራ ነው፣ ምን ይመራመሩበታል?» አለችው።

«ድንጋዩን የነቀለው ሰው የለም፤ የተተከለበት ሲሚንቶ እንዳለ ነው» አለ መሐንዲሱ፣ ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ። «ቁልቁል የሚሄደው መሬቱ ነው። ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ አጥሩንም፣ ድንጋዩንም፣ አሁን ደግሞ ቤትዎን ይዞ።»