አርባ አንደኛው ክፍል

በፊሊፒንሷ ባኮሎድ ከተማ ገበያ ላይ ድራማ እየገለበጠ የሚሸጠው ሰውዬ ለፋይል ስም ደንታ የለውም። አንዱን በነጥብ ይሞላዋል፣ ሌላው ላይ የሱቁን ስም ይለጥፋል፣ ሌላውን ደግሞ እንዳሻው። ሮሜል እናቱ ኤርሊንዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለባት «የዶኛ ክላሪታ ምራት» የሚለውን ተከታታይ ድራማ ሙሉውን ሊገዛላት ሄደ። ሰውዬው ያን ቀን ጨዋ ሆነና «አርባ አንደኛው ክፍል የለኝም፣ ጠፍቶብኛል» አለው።

ሮሜል ተቀምጦ ስም በእጁ ሲያርም የሚውል ሰው አይደለም፤ ሰነፍ ነው፣ ግን ብልህ ሰነፍ። ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ከየቪዲዮው ስም ላይ ቁጥሩን ፈልጎ ያወጣል፣ የቀረውን ይጥላል፣ በየተራቸው ያሰልፋል። ድራማውን፣ የድሮ ፎቶና ቪዲዮ ሳይቀር የማይጣል ነገር ሁሉ የተጠራቀመበት የቤቱ አሮጌ ዲስክ ላይ ገለበጠና ፕሮግራሙን ለቀቀበት። ወዲያው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አርባ አንደኛውም አለ!

«ያ ቀጣፊ! እያለው የለኝም ይላል» ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ ኤርሊንዳ ግንባሩን ስማ «ተባረክ የኔ ልጅ፣ ምን እንዳደረግክልኝ አታውቅም» አለችው። ለአንድ ድራማ ይህ ሁሉ ምርቃት! ደስ አለው።

እየቆየ ግን ነገሩ አላማረውም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ መጨረሻ የታየውን ክፍል ያሳያል። ሁልጊዜ አርባ አንድ ነው።

«ናናይ፣ ክላሪታ ምራቷን አባረረቻት እንዴ?» ብሎ እናቱን ጠየቃት።

«ክላሪታ ደግሞ ማን ናት?»

ሮሜል ደነገጠ። ማኒላ ለምትኖረው እህቱ ለማሪቪክ ደወለ።

«በቃ፣ የመርሳት በሽታ ጀምሯታል» አለች ማሪቪክ። «አክስታችንንም እንዲሁ ነው የጀመራት። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። ቤቱም ይሸጣል።»

ኤርሊንዳ ይህን ስትሰማ ቱግ አለች። «ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው!»

ቅዳሜ ማሪቪክ ባዶ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። አረፍ ሳትል ምርመራዋን ጀመረች።

«ናናይ፣ ምሳ ምን በላሽ?»

«ዓሣ በሩዝ። አንቺስ ምን ብትበዪ ነው እንዲህ የወፈርሽው?»

ሮሜል ሳቁን ዋጠ። ማሪቪክ አልሳቀችም።

«ለምንድን ነው አርባ ሁለትን የማታዪው?»

«እሱ የለበትማ!»

«እሱ ማን?»

ኤርሊንዳ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እናንተ ልጆች ጤና የላችሁም» አለች።

ማሪቪክ ወንድሟን ጠቀሰችው። ሮሜል ሆዱ ባባ፤ ቢሆንም ሻንጣውን ከፍቶ የእናቱን ልብሶች ማጣጠፍ ያዘ። ኤርሊንዳ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሪሞቱን አነሳችና ድምፁን ጨመረችው።

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሚስቴ ሆነሽ፣ ዛሬም አብረሽኝ አትደንሺም?» አለ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ አፉን በጋብቻ በዓላቸው ኬክ ሞልቶ፣ አምና የቀበሩት አባታቸው።