ፈቃድ እስኪመጣ

ኢንተርኔት ወደዚያች የወረዳ ከተማ የገባው በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ነው። ከተማዋ ከአንጋጫ አለፍ ብላ ያለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ የሚቆምባት ትንሽ ከተማ ናት። በአስተዳደሩ ጣሪያ ላይ የሳተላይት ሰሃን ተተከለ፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ቀለም ተቀብቶ አንድ ኮምፒውተር ገባበት። ሁለት በሬ ታረደ።

ከክልል የመጣው እንግዳ ሪባን ቆርጦ፣ «ከእንግዲህ ደብዳቤ በመኪና ማመላለስ ቀርቷል» አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ ጥሬ ሥጋ ተበላ። እንግዶቹ ስብ የነካ እጃቸውን በአዲሱ መጋረጃ ጠርገው ሄዱ። አጥንቱን እንዲያነሣ የተመደበ ሰው ስላልነበረ ውሾች ሲጎትቱት ሳምንት ቆየ። ዝንቡ ከዚያም በላይ ቆየ።

ክፍሉ ተቆለፈ። ሥራ እንዲጀምር ከክልል የጽሑፍ ፈቃድ ይመጣል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ቁልፉን የንብረት ክፍሉ አቶ ጴጥሮስ ተረከበ።

አንድ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ።

ሲስተር ገነቴ የከተማዋ ጤና ጣቢያ ብቸኛ አዋላጅ ነበረች። በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ዕለት፣ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ሦስት ዓመት ያመለከተችበት የጤና መኮንን ትምህርት ተፈቅዶላታል። ቦታውን መቀበሏን ግን እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኢሜይል ብቻ ማሳወቅ አለባት። ካላሳወቀች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ደብዳቤው መንገድ ላይ ሃያ ቀን ፈጅቷል።

የሆሳዕናው ኢንተርኔት ቤት መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተቆርጦበት ተዘግቷል። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ምጥ ደግሞ ሁለት ቀን ቆይ ቢሉት አይሰማም። ገነቴ ወደ አቶ ጴጥሮስ ሄደች።

አቶ ጴጥሮስ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ነበር። ያወጣውን አየና መልሶ ዋጠው።

«ፈቃድ አለሽ?»

«አንድ መስመር እኮ ነው፣ ጋሼ። ተቀብያለሁ ብዬ ብቻ ነው የምልከው።»

«አንድም መስመር፣ መቶም መስመር ያው ነው። ከክልል ሳይጻፍልኝ አልከፍትም።»

«መቼ ነው የሚጻፍልዎት?»

«እኔ እንጃ! ከምርቃቱ ወዲህ ከክልል አንዲት ወረቀት መጥታ አታውቅም። ረስተውናል።» ይህን ሲል ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ከጤና ጣቢያው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፋ መጣች። አቶ ጴጥሮስ ጣቱን ልሶ ወረቀቱን ገለጠው፤ ማኅተም መታበትና ማህደር ውስጥ ከተተው።

«አሁን ሥርዓት ያዘ» አለ።

«ታዲያ ይከፈትልኛል?»

«አይ። ገቢ ሆነ።»

ሐሙስ ገበያ ላይ ቅቤ ሻጯ ታንጉት እጇን ያዘቻት። «አንቺ ልጅ፣ ምን ትለማመጪዋለሽ? ጴጥሮስ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን ይዞ ክፍሉ ይገባል፤ ከውስጥ ይቆልፋል፤ ቆይቶ በላብ ተጠምቆ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ካሉት ልጆች ጋር ዘመዶቹን የሚያገናኝ ማን መሰለሽ?»

ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ሳቀች። «ስሙ ጴጥሮስ፣ ቁልፉ በእጁ! ሰማይ ቤትም እንዲህ ከሆነ ቀርቶብኛል።»

ገነቴ አልሳቀችም። በቀጥታ ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ሄዳ የሰማችውን ነገረችው።

አስተዳዳሪው ባለፈው ግምገማ አቶ ጴጥሮስን አርአያ ሠራተኛ ብሎት ነበር። የሰማው ነገር ከእርሱ ቀድሞ ዞን እንዳይደርስ ፈራና ራሱ ደወለ። «እጅ ከፍንጅ ያዙት» ተባለ። ማሽኑን የሚመረምር ቲቶ የሚባል ቴክኒሻን ከሆሳዕና ተጠራ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ አስተዳዳሪው፣ አንድ ፖሊስ፣ ቲቶና ገነቴ በሩ ላይ ቆሙ። ገነቴ የምትልከውን መስመር በትንሽ ወረቀት ጽፋ ይዛለች። ከውስጥ አንድ ነገር ሲፋተግ ይሰማል። ፖሊሱ በሩን ደበደበ።

አቶ ጴጥሮስ ከፈተ። እጅጌውን ሰብስቧል፤ እርጥብ ጨርቅ ይዟል። ከከረጢቱ ውስጥ ሳሙናና ሌላ ጨርቅ ይታያል። ክፍሉ የሳሙናና የረጠበ ካልሲ ሽታ አለው። ማሽኑ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከፋብሪካ እንደታሰረ ነው።

«አቧራ ንብረት ይበላል» አለ አቶ ጴጥሮስ።

ቲቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህን ማሽን ሰው አልነካውም።»

አስተዳዳሪው እፎይ አለ። «አርአያ ነው አላልኩም?»

«እንግዲያው አሁን ይከፈትልኝ» አለች ገነቴ። «ገና አንድ ሰዓት ተኩል አለ።»

አስተዳዳሪው አቶ ጴጥሮስን አየ። አቶ ጴጥሮስ አስተዳዳሪውን አየ።

«ፈቃዱስ?» አለ አቶ ጴጥሮስ።

ዞን ተደወለ። ስልኩ ተይዟል። እንደገና ተደወለ፤ ኃላፊው ሻይ ወጥቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መልስ ተገኘ፦ ለምርመራ ማብራት ይቻላል፤ መጠቀም አይቻልም፤ ለማብራቱም ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

«አብርታችሁ ስታዩት እግረ መንገዳችሁን ላኩልኝ። በእግዚአብሔር!» አለች ገነቴ።

«እህቴ፣ እኛን ልታስጠይቂ ነው?» አለ አስተዳዳሪው።

አቶ ጴጥሮስ ቃለ ጉባኤውን መጻፍ ጀመረ። በየገጹ ጣቱን ይልሳል፤ ቀለሙ በምራቁ ይፈሳል፤ የፈሰሰውን ቀዶ ከመጀመሪያው ይጽፋል። አስተዳዳሪው፣ ፖሊሱና ቲቶ ፈርመው ሲጨርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ገነቴ በእጇ ያለውን ወረቀት ቀደደች። 

ቲቶ ላስቲኩን ገፎ ማሽኑን አበራው። ወዲያው ተገናኘ።

«ሁሉም ደኅና ነው» አለ። «ደብዳቤ እየወረደ ነው። አርባ አንድ። ሁሉም ከክልል ነው።»

«አንብበው እስቲ» አለ አስተዳዳሪው። «ከመጀመሪያው።»

ቲቶ የምርቃቱ ማግስት የተላከውን ከፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ለወረዳው ንብረት ክፍል፤ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ለማንኛውም ተገልጋይ እንዲከፈት መፈቀዱን እናስታውቃለን።»