ቅቤ የናጠው ጋሪ

«ሃምባ!» አለች ራውዳ፤ ሂዱ ማለቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ባመጣችው የዙሉ ቋንቋ። በሬዎቹ ተንቀሳቀሱ። አንደኛው በሬ አባቷ አዩብ፣ ሁለተኛው የአራት ዓመት ወንድሟ ዩሱፍ ነበር። አንድ የመጥረጊያ እንጨት ለሁለት ተሸክመዋል። ቀንበሩ እንዲስተካከል አባትየው በጉልበቱ ይሄዳል፣ ልጅየው ቆሞ ይራመዳል።

ከኋላቸው በገመድ የታሰረው ጋሪ ይንገጫገጫል። ራውዳ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ገልብጣ የሠራችው ነው፤ የማዮኔዝ ባልዲ ክዳን ጎማ የሆነለት የቺፕስ ካርቶን። ጣሪያው በልብስ መስቀያ ሽቦ ላይ የተወጠረ ነጭ የትራስ ልብስ ነው። ከሽቦው ላይ ደግሞ እስከ ግማሹ የወተት ክሬም ያለበት የጃም ጠርሙስ ተንጠልጥሏል።

ትምህርት ቤቱ በወረርሽኙ ከተዘጋ ወዲህ መምህሯ የቤት ሥራ የምትልከው በዋትሳፕ ነው። የዚህ ሳምንቱ ስለ ጥንት መንገደኞች ነበር። በበሬ ጋሪ አገር ሲያቋርጡ ወተቱን ጋሪው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ኮረኮንቹ ሲንጠው ይውልና ሲሰፍሩ ቅቤ ሆኖ ያገኙታል ብላ ነበር መምህሯ። ልጆቹም ጋሪ ሠርተው፣ ቅቤ አውጥተው፣ ዳቦ ላይ ሲቀቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ዛሬውኑ እንዲልኩ ታዘዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አዩብ በዚህ ሰዓት አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ነው። ልጆቹን ተኝተው ትቷቸው ይወጣል፣ ተኝተው ያገኛቸዋል። ሱቁ የተዘጋ ሰሞን በመስኮት ጭር ያለውን የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የሜይፌርን መንገድ ሲያይ ነበር የሚውለው። ዛሬ ግን ልጁ መጥታ በሬ ሁን አለችው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል፤ በሬ እንዴት እንደሚያጓራ ለዩሱፍ ሲያሳየው የገዛ ድምፁ አሳቀው።

ደስታውን የሚያጎድለው የመኝታ ቤቱ ዝምታ ብቻ ነበር። ሚስቱ ራዚያ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ከሆስፒታል ስትመለስ እልል ብሎ የተቀበላት ሰው የለም፤ ጎረቤቷ ዘኪያ እንኳ በአጥሩ በኩል እጇን ከማውለብለብ በቀር ልትጠጋት አልቻለችም። በእነሱ አገር አራስ ራሷ ላይ ቅቤ ይደረግላታል። ከአገር ቤት የሚመጣው ቅቤ ደግሞ አውሮፕላን ከቆመ ወዲህ የለም። አዩብ ከሱፐርማርኬት ጨው ያለበትን ገዝቶ ቢያመጣላት፣ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ኮሪደሩን ብዙ ከተመላለሱ በኋላ፣ ሲንቦጫረቅ የቆየው ጠርሙስ ድንገት ዝም አለ። ራውዳ ጎንበስ ብላ አየችው። ክሬሙ እንደ አረፋ ደድሮ ጠርሙሱን ሞልቶታል።

«ባባ፣ ተበላሸ እንዴ?»

አዩብ ቅቤ ሲናጥ እየሰማ ነው ያደገው፤ ግን የሴቶች ሥራ ስለነበር ጠጋ ብሎ አይቶት አያውቅም። እንጨቱን ከአንገቱ ሊያወርድ ሲል ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ።

«አታቁሙ» አለች ራዚያ። «ዝም ሲል ነው የደረሰው።»

ከወለደች ወዲህ ድምጿ ግድግዳ አልፎ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አዩብና ራውዳ ተያዩ። ከዚያ አዩብ ብድግ ብሎ ዩሱፍን ትከሻው ላይ ጫነ፣ ገመዱን በእጁ ጠቀለለና ሮጠ። ጋሪው በተነቃቀለው ንጣፍ ላይ ይዘላል፣ ራውዳ እየሳቀች ከኋላ ትገፋለች። አንዱ ጎማ ወልቆ ወጥ ቤት ገባ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ራዚያ ሕፃኑን እንዳቀፈች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

«አሁን ቀስ በሉ» ስትል፣ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ቅቤው ነበር። የሕፃን ጡጫ ታህላለች፣ ነጣ ያለች ቢጫ፣ አሬራው ላይ ትንሳፈፋለች። ራውዳ ጮኸች፤ ዩሱፍም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ጮኸ። ራዚያ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ እንዲያጥቡት ነገረቻቸው። ራውዳ ዳቦ ቆርሳ ሳህን ላይ አስቀመጠች፣ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደገፈች።

አዩብ ቅቤውን ይዞ ቆመ። ዳቦውን አየ፣ ሚስቱን አየ። አራስን ቅቤ መቀባት በአገሩ የወንድ ነገር አይደለም።

«ራውዳ፣ እጅሽን ታጠቢ» አላት።

«ታጥቤያለሁ እኮ። ደግሞ በቢላ ነው የሚቀባው።»

«ለዳቦው አይደለም። ለእማ ራስ ነው። በዚህ ቤት ይህን የምታደርግላት ሴት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ራውዳ ስልኩን አየች። «ቲቸር ዳቦ ላይ ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ» አለ አዩብ።

ራውዳ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ እስከ ክርኗ ታጠበች።

ራዚያ ሕፃኑን ለአዩብ ሰጥታ ዝቅተኛው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ራውዳ «ቢስሚላህ» ብላ ቅቤውን መሐል አናቷ ላይ አሳረፈችና በሁለት እጇ ታሽ ጀመር። ቅቤው ቀለጠ። በግንባሯ ወረደ፣ ቅንድቧ ላይ ቆም አለ፣ በጉንጯ አለፈ። ራዚያ ዓይኗን ጨፍና አልጠረገችውም።

«እዚህም ጋ ጨምሪ» አለች፣ በጣቷ ከጆሮዋ በላይ እያሳየች።

ዩሱፍ መጥቶ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ራውዳ ለእሱም ትንሽ ነካ አደረገችለትና ቀና ብላ አባቷን ጠበቀችው። አዩብ ሕፃኑን በአንድ ክንዱ እንደያዘ፣ ኮፍያውን አውልቆ ከዩሱፍ ጎን ተንበረከከ።